ለወጣቶች ቡድን ስፖንሰር መሆን ምን ማለት ነው?

ከአንድ የካምፑ መምህር

ዕድራችን ባለፈው ዓመት አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ተቀምጧል። ሟቹ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ከካኩማ ወጥቶ በደቡብ ሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ እንዳቀና የሰማነው ከጓደኞቹ ሲሆን፣ መርዶው የመጣው ከወራት በኋላ በስልክ ነው። እንደ ደንቡ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ቡና ተፈላ፣ ከሣጥኑም ለቤተሰቡ የሚገባው ገንዘብ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት እናት ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «ለመሆኑ ይህ ልጅ በሕይወት ሳለ ዕድሩ አንዲት ሽልንግ አውጥቶበት ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁ። የዕድሩ ዳኛም ሆኑ ጸሐፊው መልስ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ በተደረጉት ሁለት የዕድር ስብሰባዎች ላይ አንድ ሐሳብ ሲነሣ ቆይቷል። ይኸውም ዕድሩ በስካውት አሠራር መሠረት ለብሎካችን ልጆችና ወጣቶች የግብረ ገብ ቡድን ያቋቁም፣ ስፖንሰርም ይሁን የሚል ነው። አብዛኛው አባል ሐሳቡን ደግፏል። ነገር ግን በውይይቱ እንደታዘብኩት «ስፖንሰር» የሚለውን ቃል ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የተረዳው። አንዳንዱ ማልያ መግዛት መሰለው። ሌላው ድርጅት ገንዘብ ሊሰጥ ነው ብሎ ደስ አለው። ጥቂቶች ደግሞ ነገሩ ወደ ፖለቲካ እንዳይዞር ፈርተዋል። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አባላት ቃሉ ምን ምን እንደሚያስከትል ቢያውቁት ይበጃል በማለት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በእኛ በስደተኞች ዘንድ ስፖንሰር ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ካናዳ ነው። ይህም ለማስረዳት ይጠቅመኛል። ካናዳ ከ1979 ጀምሮ ግለሰቦች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ማኅበራት ተሰባስበው ስደተኛ የሚያስመጡበትን ሥርዓት በሥራ ላይ አውላለች። በዚያን ጊዜ በብዛት የገቡት ከቬትናም፣ ከካምቦዲያና ከላኦስ የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ። ያስመጣቸው ቡድን ገንዘብ አዋጥቶ ብቻ አልተገላገለም። አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ቤት መፈለግ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ የታመመውን ሐኪም ቤት ማድረስ የእሱ ግዴታ ነበር። የመጡት ሰዎች ችግር ላይ ቢወድቁ «እናንተ ናችሁ የፈረማችሁት» የሚባለው ያ ቡድን ነው። ለወጣቶች ቡድን ስፖንሰር መሆንም በዚሁ ዓይነት መታየት አለበት። ፈራሚው ተጠያቂ ነው።

የአሠራሩ ታሪክ ወደ ኋላ ርቆ ይሄዳል። በ1883 በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ ዊልያም ስሚዝ የተባለ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ልጆቹ አልረጋ ቢሉት፣ «ቦይስ ብሪጌድ» የሚባል ማኅበር አቋቋመ። (70 እና 80 ልጅ በአንድ ክፍል ያስተማረ ሰው ሁሉ የስሚዝ ችግር ይገባዋል።) እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነበር። አዳራሽ የምትሰጠው ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትሆን መሪዎቹም የእርሷ ሰዎች ነበሩ። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1907፣ ሮበርት ቤደን ፓወል የተባለ የእንግሊዝ ጄኔራል ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆችን ሰብስቦ ለአንድ ሳምንት ያህል በድንኳን አሰፈራቸው። ከፊሎቹ በውድ ትምህርት ቤት የሚማሩ የሀብታም ልጆች ሲሆኑ የቀሩት ከቦይስ ብሪጌድ የመጡ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በአራት ጓድ ከፋፍሎ አብረው እንዲበሉ፣ አብረው እንዲሠሩ አደረገ። ስካውት የሚባለው እንቅስቃሴ የተነሣው ከዚያ ነው። ወደ ኬንያ የገባው በ1910 ሲሆን፣ ቤደን ፓወል ራሱ የመጨረሻ ዓመታቱን እዚሁ ኬንያ ኔሪ ከተማ አሳልፎ በጃንዋሪ 1941 እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። በአገራችንም በንጉሡ ዘመን በትምህርት ቤቶች ውስጥ ቦይ ስካውት እንደነበረ ዕድሜያቸው የገፋ አባሎቻችን ያስታውሳሉ።

አሁን ወደ ሥራ ክፍፍሉ እንምጣ። የአገሩ የስካውት ማኅበር ፕሮግራሙን፣ የመሪዎችን ሥልጠና፣ መለያውንና ምዝገባውን ይሰጣል። በስሙና በዓርማው ለመጠቀም በእርሱ መመዝገብ ያስፈልጋል። የኬንያ ማኅበር ልጆቹን በዕድሜ ለይቶ ከታናናሾቹ ጀምሮ ሱንጉራ፣ ቺፑኪዚ፣ ምዋምባ እና ጃሲሪ ብሎ ይጠራቸዋል፤ በየትምህርት ቤቱ የስዋሂሊውን ስም የሰማችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ።

ስፖንሰሩ ደግሞ ሦስት ነገር ያቀርባል። አንደኛው ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ጥቂት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ሲሆን፣ ሒሳብ ይይዛል፣ ዕቃ ይረከባል፣ ከወላጅ ጋር ይነጋገራል። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ መሪዎቹን መምረጥና መቆጣጠር ነው። ናይሮቢ የተቀመጠ ሰው በካኩማ አንድ ያለው ጎረቤቴ ከልጆች ጋር ሊውል የሚገባው ሰው መሆን አለመሆኑን ሊያውቅ አይችልም። ማን ሲጠጣ እንደሚያመሽ፣ ማን ሚስቱን እንደሚደበድብ፣ ማን ልጆች ሲያዩት የሚሸሹት ሰው እንደሆነ የምናውቀው እኛ ነን። ስፖንሰር ያስፈለገበት ምክንያትም ይኸው የቅርብ ዕውቀት ነው። ዕድሩ ያንን ዕውቀቱን ካልተጠቀመበት ቦታ አከራይ ሆነ ማለት ነው።

የቀረውን የሚሠሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከ6 እስከ 8 የሚሆኑ ልጆች አንድ ጓድ ይሆናሉ። የጓድ መሪ አላቸው፣ ሥራ ይከፋፈላሉ፣ የጓድ መሪዎቹም ተሰብስበው የሳምንቱን ፕሮግራም ይወስናሉ፤ አዋቂው ያማክራል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ኢትዮጵያውያን ግብረ ገብ ሲባል አንድ ትልቅ ሰው ቆሞ የሚመክርበት፣ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው የሚሰሙበት ጉባኤ አድርገን እናየዋለን። እኔም በክፍል ውስጥ እንዲሁ አድርጌአለሁ፤ ውጤቱ ግን እምብዛም ነው። ስለ ታማኝነት አንድ ሰዓት ያስተማርኩት ልጅ በማግስቱ ውሃ ቦኖ ላይ የአሮጊት ጀሪካን ገፍቶ የራሱን ሲያስቀድም አይቼዋለሁ። ያው ልጅ የጓድ ገንዘብ ያዥ ሆኖ በጓደኞቹ ፊት 40 ሽልንግ ቆጥሮ ቢያስረክብ፣ ወይም ጓዱ በሳምንት ሁለት ቀን ለአቅመ ደካሞች ውሃ የመቅዳት ተራ ቢኖረው፣ ታማኝነትን የሚማረው ከእኔ ንግግር ሳይሆን ከተራው ነው። ስካውቶች ቃል የሚገቡትም ለዚህ ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ሥራው ግን በየሳምንቱ ይመጣል።

ስፖንሰር የመሆኑን ክብደት ለማየት የአሜሪካን ሁኔታ መመልከት ያስፈልጋል። ዘመዶቻችን በብዛት የሰፈሩት እዚያ ስለሆነ ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ የሚያስቡ ይኖራሉ። በአሜሪካ ስካውት በ1910 ሲቋቋም ጀምሮ ቡድኖቹ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በወላጆች ማኅበራት፣ በጡረተኛ ወታደሮች ማኅበራትና በመሳሰሉት ሥር ነው የቆዩት። ከሁሉ ትልቋ ስፖንሰር ከ1913 እስከ 2019 መጨረሻ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ስትወጣ ከ400,000 በላይ ልጆችን ይዛ ነው የወጣችው። ብዙ ጥሩ ሰው በዚያ አልፏል። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት በአንዳንድ መሪዎች በልጆች ላይ የተፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ሲሸፋፈን ኖሮ በመጨረሻ ወጣ። ማኅበሩ በፌብሩዋሪ 2020 በፍርድ ቤት መክሰሩን አስታወቀ፣ ከ82,000 በላይ ሰዎችም ተበድለናል ብለው አመለከቱ። ነገሩ በማኅበሩ ብቻ አልቆመም፤ ስፖንሰር ለነበሩትም ደረሰ። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ለተበዳዮቹ መቋቋሚያ 30 ሚሊዮን ዶላር ለማዋጣት ተስማማች። ብዙ አጥቢያዎች የፈረሙት ወረቀት ምን እንደሚል ያነበቡት ያኔ ይመስለኛል።

ይህን የጻፍኩት ሐሳቡን ለማፍረስ አይደለም። ከዚያ ጥፋት የወጡት ደንቦች ለእኛ በነጻ የመጡ ትምህርቶች ስለሆኑ ነው። ዋነኛው ደንብ አንድ አዋቂ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር እንዳይሆን የሚከለክለው ነው። በአሜሪካ በማንኛውም ፕሮግራም ላይ ዕድሜያቸው ቢያንስ 21 የሆነ ሁለት የተመዘገቡ አዋቂዎች መገኘት አለባቸው፤ አንዱ ከቀረ ፕሮግራሙ ይሰረዛል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለት ሰዎች በሰዓቱ እንዲመጡ ነው። (ይኼ ለእኛ ከገንዘብ ሊከብድ ይችላል።)

በስደተኛ ካምፕ ውስጥ ደግሞ ጥንቃቄው መብለጥ አለበት። በ2002 በምዕራብ አፍሪካ በሚገኙ የስደተኛ ካምፖች ውስጥ ለእርዳታ የመጡ ሰዎች ጭምር ምግብና ዕቃ ይዘው ልጃገረዶችን እንደበዘበዙ በዩ ኤን ኤች ሲ አርና በሴቭ ዘ ችልድረን ሪፖርት ተገልጧል። በዓመቱ፣ በ2003፣ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ባወጡት መመሪያ የድርጅቱ ሠራተኛ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር ግንኙነት ማድረግ ተከልክሏል፤ «ዕድሜዋን አላወቅሁም» ማለትም አያድንም። ዕድር የዩ ኤን ሠራተኛ አይደለም የሚል ቢኖር፣ የኬንያ የሕፃናት ሕግ ግን ሁላችንንም ይመለከታል፤ በ2022 የወጣው ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሁሉ ልጅ ይለዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ የሆነ ነገር ደረሰብኝ ካለ በሽማግሌ ዕርቅ የምናበርደው ጉዳይ አይሆንም። በቀጥታ ወደ ሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ወይም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። በአገራችን ባህል የቤት ገመና አይወጣም ስለምንል ይህን አንቀጽ አንዳንድ አባቶች እንደማይወዱት አውቃለሁ። ዕድሩ ይህን አንቀጽ የማይቀበል ከሆነ ግን ስሙን በቡድኑ ላይ ባያስቀምጥ እመርጣለሁ።

ሌላው ያነጋገረን የዩኒፎርሙና የሰልፉ ጉዳይ ነው። ጋሼ እያልን የምናከብራቸው አንድ አባል፣ «እኔ ልጄን ለሰልፍ አልሰጥም፤ አኢወማም ሲጀምር እንዲሁ ነበር» አሉ። ወጣት አባሎቻችን ሳቁ፤ የሚያስቅ ግን አልነበረም። የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር በ1980 ሲመሠረት ወጣቱ በየቀበሌው ነው የተመዘገበው። በ1983 ብሔራዊ የውትድርና አገልግሎት ሲታወጅ ደግሞ ስም ዝርዝር ያለበት ቦታ ሁሉ አስፈሪ ሆነ። ልጃቸውን ከአፈሳ ለማዳን ከአገር የወጡ ወላጆች በመካከላችን አሉ። እንዲህ ላለ ሰው ወጣቶችን በመስመር አቁሞ ፉጨት መንፋት ጨዋታ አይደለም።

ለጋሼ የምሰጠው መልስ የሚከተለው ነው። በቀበሌው ማኅበር ስም ዝርዝሩ የመንግሥት ነበር፤ ወላጅ ልጄን አስወጣለሁ ቢል የሚሰማው አልነበረም። እዚህ ግን መዝገቡ የሚቀመጠው በዕድሩ ሣጥን፣ ከሦስት ቁልፍ ያዦች ዘንድ ነው። ልጅ የሚገባው ወላጅ ፈርሞ ነው፣ በፈለገ ቀን ይወጣል። ማንኛውም ፓርቲ፣ ማንኛውም የታጠቀ ወገን በልጆቹ ስብሰባ ላይ እንዳይናገር በደንቡ ይጻፍ። ሰልፉ ይቅር። ዩኒፎርምም ለጊዜው አያስፈልግም፤ የአንገት ጨርቅ ይበቃል፣ እሱንም የስፌት ማሽን ያላቸው እናቶች ከብጣሽ ጨርቅ ሊሠሩት ይችላሉ። ቤደን ፓወል ጄኔራል እንደነበር መደበቅ አያስፈልግም። እኛ ግን የምንወስደው የጓዱን አሠራር እንጂ የጦሩን ሥርዓት አይደለም።

«የማን ግብረ ገብ?» የሚል ጥያቄም ተነሥቷል። በብሎካችን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት አለ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ትግርኛ ይነገራል። ሰንበት ትምህርት ቤቱም ሆነ መድረሳው የየራሱን ልጆች በሚገባ እያስተማረ ስለሆነ ያንን መድገም አይገባም። በስካውት ልጁ ለአምላኩ ታማኝ እንዲሆን ቃል ሲገባ በየሃይማኖቱ ነው፤ መሪው ሃይማኖት አያስተምርም። ለእኛ የሚበጀው ሁላችንም ያደግንበት ነው፦ ታላቅን ማክበር፣ አደራ መጠበቅ፣ የተቸገረን መርዳት፣ ተራ መጠበቅ። አደራ ለሚለው ቃል በየትኛውም ድንኳን ትርጉም የሚያስፈልገው ሰው አላየሁም። የስብሰባው ቀን ዓርብና እሑድ መሆን የሌለበትም ለዚሁ ነው። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ቢሆን ይሻላል እላለሁ።

የሴት ልጆች ጉዳይ ግን በሰዓት ብቻ አይፈታም። ቅዳሜ ጠዋት ልጃገረዶቻችን ውሃ ላይ ናቸው፣ ወይም ታናናሾቻቸውን ይዘው ቤት ናቸው። ወንዶች ብቻ የሚመጡበት ቡድን አቋቁመን የወጣቶች ቡድን ብንለው እናፍራለን። ወላጆች ለሁለት ሰዓት ያህል ሥራውን ከሴት ልጃቸው ላይ ለማንሣት ፈቃደኛ ካልሆኑ ዕድሩ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ታናናሾችን ይዘው መምጣት እንዲችሉ አንድ እናት በተራ ሕፃናቱን ብትጠብቅ ጥሩ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ለብሎኩ ወጣቶች ኳስ፣ ማልያና ጫማ ሰጥቶ የእግር ኳስ ቡድን አቋቁሞ ነበር። እኔም ከአሠልጣኞቹ አንዱ ነበርኩ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ኳሱ ተነፈሰ፣ ቡድኑም አብሮ ተነፈሰ። ጥፋቱን በድርጅቱ ላይ ብቻ አላደርገውም። 60 ሽልንግ አዋጥተን ኳሱን ማስለጠፍ ስንችል «ይመጣል» እያልን የጠበቅነው እኛ ነን። ከላይ ያነሣሁት ልጅ የዚያ ቡድን በረኛ ነበር።

በ2025 ራሽን ከተቀነሰና ሰው በየምድቡ ከተከፋፈለ ወዲህ ከአባላት ብዙ መጠየቅ እንደማይቻል ሁሉም ያውቃል። ለምሳሌ 80 አባላት በወር 10 ሽልንግ ቢጨምሩ 800 ሽልንግ ይሆናል። ለደብተር፣ ለገመድ፣ ለኳስ ማስለጠፊያና አልፎ አልፎ ለሻይ ይበቃል፤ ለሌላው አይበቃም። ጨርሶ የሌለው ሰው በጉልበቱ ያግዝ፤ ዕድራችን ለድንኳን ተከላ እንደዚያው ያደርግ የለም ወይ? ድርጅቶች ሥልጠና፣ የስብሰባ ቦታና የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ቢሰጡ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ለቡድኑ መኖር የእነርሱ መኖር ቅድመ ሁኔታ መሆን የለበትም።

ብዙ ማኅበራት የሚቸገሩበትን ነገር ዕድራችን ቀድሞ አለው። የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የቅጣት ሥርዓት፣ በየወሩ የሚሰበሰብ ጉባኤ አለ። አንድ አባል ቀብር ሲቀር ይቀጣል። የወጣቶቹ መሪ ያለ ምክንያት ሲቀርም በዚያው ደንብ ይቀጣ፤ የቡድኑ ሪፖርትም ከሒሳቡ ቀጥሎ በየወሩ ለጉባኤው ይቅረብ። ሰው ካገር ካገር የሚወጣበት ካምፕ ስለሆነ ለእያንዳንዱ መሪ ተተኪ አብሮ ይመረጥ፤ የሪሴትልመንት በረራው የደረሰው መሪ ቁልፉን ይዞ መሄዱን ከዚህ በፊት አይተናል።

በሚቀጥለው ስብሰባ የሚቀርቡት ጉዳዮች ሦስት ናቸው። ዕድሩ ስፖንሰር ይሁን አይሁን በድምፅ ይወሰናል። ከሆነ፣ የልጆች ጥበቃው አንቀጽ ሳይሸራረፍ በደንቡ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ለብቻው ድምፅ ይሰጥበታል። ሦስተኛው የመሪዎች ምርጫ ነው። እስካሁን ፈቃደኛ የሆኑት ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ሴት ልጆቹን የሚመለከት ፕሮግራም ያለ ሁለት ሴቶች ሊካሄድ ስለማይችል አንዲት ሴት ትቀረናለች። እማማን ጠይቀናቸው ጉልበታቸው እንደማይፈቅድ ነግረውናል፤ ሕፃናቱን ለመጠበቅ ግን የመጀመሪያውን ቅዳሜ ተራ ይዘዋል። ዕድሜዋ ከ21 በላይ የሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት የምትሰጥ እህት ካለች ከስብሰባው በፊት ለዕድሩ ጸሐፊ ስሟን ታስመዝግብ።